ዕድሜ ተመኘንላቸው፣ ደረጃ አበዛንባቸው

«ዕድሜና ጤና ይስጥልን» በመባባል ማንም አይቀድመንም። ዘመን ሲለወጥ «ከዘመን ዘመን ያሸጋግራችሁ» እንላለን። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብለን ብድግ እንላለን፤ በዓል ሲደርስ ጉልበት ስመን ምርቃት እንቀበላለን። ይህ ሁሉ ደግ ነው፣ እንዳይጠፋብን። ግን ያ የተመኘነው ዕድሜ ሲመጣ አዲስ አበባ እንዴት ነው የምትቀበለው? ቤት ውስጥ «ኖር» የተባለ ሰው ከበር ሲወጣ የሚያስብለት አያገኝም። ደረጃው፣ ድልድዩ፣ ታክሲው፣ ወረፋው፣ ሁሉም የተሠራው ለሃያ ዓመት ጉልበት ነው።

ከሰፈር እንጀምር። ኮብልስቶኑ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ አንዳንዱ ድንጋይ ወልቋል፣ የቱቦው ክዳን ከተነሳ ቆይቷል። እግረኛው መንገድ ላይ አንዱ አሸዋና ጠጠር ይደፋል፣ ሌላው መኪናውን ያቆማል፣ ባለሱቁ ዕቃውን ያወጣል። ወጣቱ ዘሎ ያልፋል። ከዘራ የያዘው ግን አስፋልት ላይ ወርዶ ከመኪና ጋር ይጋፋል። እውነት ነው፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድና መቀመጫ አግኝተዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን አብዛኛው አዛውንት የሚኖረው ከጎዳናው ገባ ብሎ ነው፣ ችግሩም እዚያው እንዳለ አለ። በዚያ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ ተነስቶ አቧራ አራግፎ መሄድ አይደለም። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ አልጋ ላይ ይቀራል፤ ልጁም ሥራውን ትቶ አስታማሚ ይሆናል።

ታክሲውስ? ሰልፉ ረጅም ነው፣ መቀመጫ የለውም። ወረፋ ደርሶ መግባት ሲመጣ «ፋዘር፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ! ከኋላ ይግቡ!» ይባላል። ጎንበስ ብሎ ኋላ ወንበር ድረስ መሹለክ ለማይታጠፍ ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የታመመበት ብቻ ነው። ገና ሳይቀመጡ መኪናው ይነሳል። አውቶቡስ ላይ ቦታ የሚለቅ ወጣት ዛሬም አለ፤ እግዜር ያክብረው። ይሁንና እሱ ስለተነሳ የአውቶቡሱ መርገጫ ዝቅ አይልም። ቀለበት መንገድ ዳር የሚኖሩማ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ የመሸጋገሪያውን ድልድይ ደረጃ ወጥተው መውረድ አለባቸው። ይህን ያልቻለ ወይ ይቀራል፣ ወይ በሚከንፍ መኪና መሀል ነፍሱን ሰጥቶ ይሻገራል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። አብዛኛው ብሎክ ከመሬት በላይ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ከላይኛው ፎቅ የደረሰ ሰው ወደ 60 የሚጠጋ ደረጃ ወጥቷል። በ1997 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው በ2015 ዓ.ም. በወጣው 14ኛ ዙር ዕጣ ቢደርሰው 68 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ሲመዘገብ ሮጦ ይወጣው የነበረውን ፎቅ፣ ቁልፉን ሲረከብ የሚወጣበት ጉልበት አልቋል።

አንዲት ጎረቤቴ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ገበያ የሚወርደው ፌስታላቸው ነው። ጠዋት በረንዳቸው ላይ ቆመው ገመድ ያወርዳሉ፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ብር። ጉልት የምትቸረችረው ልጅ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ትከታለች፣ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጠቅልላ ትጨምራለች፣ አፉን ቋጥራ «ይሳቡት እማማ!» ትላለች። እሳቸው በሁለት እጃቸው እያፈራረቁ ይስባሉ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዳንዴ የልብስ ማስጫ ሽቦ ይይዘዋል። ወጣቸውን ራሳቸው ነው የሚሠሩት፣ ቤታቸው ጽዱ ነው። ደረጃው ላይ የሚይዙት ብረት ቢኖር ቀስ ብለው ይወርዱ ነበር። መደገፊያው ግን ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ተነቅሏል፣ መልሶ የበየደውም የለም። ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። በደረሰበት ቀንም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ካልወጣ ከታች ቀድቶ መሸከም አለ፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ አያንስም።

ከሰፈራቸው የተነሱትን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሱ ብዙ አዛውንቶች ከከተማው ዳር ቤት ተሰጥቷቸው ሄደዋል። ጣሪያው ከሚያፈስ የቀበሌ ቤት ወጥቶ የራስ መታጠቢያ ያለው ቤት መግባት ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን በ70 ዓመት ዕድሜ አዲስ እድር፣ አዲስ ሰንበቴ፣ አዲስ የቡና ጎረቤት ከየት ይመጣል? ለዓመታት መዋጮ የከፈሉበት እድር ተበትኗል፣ እድርተኛውም በየአቅጣጫው ነው። ድሮ ጠዋት በሩ ካልተከፈተ «ምነው ዛሬ?» ብሎ የሚያንኳኳ ነበር። አሁን በሩ የማይታወቅ የብረት በር ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱበት ጤና ጣቢያም ከድሮው ሰፈር ቀርቷል፤ ለእሱ ሁለት ታክሲ ይያዛል።

ከዚያ አገልግሎት የሚሉት አለ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱም ወይቧል። ወጥተው ሲደርሱ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ሲስተሙ ያለ ቀን ደግሞ አሻራ ነው። በቅርቡ አንድ ባንክ ውስጥ አንድ አዛውንት ጣታቸውን በኮታቸው ጠርገው አስቀመጡ፤ አልያዘም። በመሀረብ ጠረጉ፤ አልያዘም። ሌላ ጣት፣ ሌላ እጅ። መዳፋቸው ዕድሜ ልክ ሲሠራ የኖረ እጅ መዳፍ ነበር፤ መስመሩ አልቋል። መጨረሻ ላይ ስልካቸው ላይ ኮድ ተላከ፤ ፊደሉ ደቀቀባቸውና ከኋላ የቆመ ልጅ አነበበላቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው እየሰጡ መኖር ሊለምዱ ነው? ሽንት ቤት ቢጠይቁ «ለሠራተኛ ብቻ» ነው። ስንት ሽማግሌ ይህንኑ ፈርቶ ከቤት ሲወጣ ውሃ እንደማይጠጣ ብናውቅ እናፍር ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቼር ለሚሄድ፣ እንዲሁም መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚያቅተው ሰው የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። መራመድ እየቻለ ደረጃ የሚያቅተው ማን ነው? እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ምቹ ስለሆነ ከተማ ባወጣው መመሪያ ከስምንቱ ጉዳዮች ፊት ያስቀመጠው ደጅና ሕንፃን፣ ቀጥሎ ትራንስፖርትን፣ ከዚያ መኖሪያ ቤትን ነው። እኛም የምናማርረው እነዚህኑ ነው። የጎደለው የሚያስፈጽም ነው።

ሁሉንም ከመንግሥት መጠበቅም አይገባም። የተነቀለ ብረት ለማስበየድ የብሎኩ ነዋሪ ቢያዋጣ ይበቃል። ምድር ቤት የሚኖር ወጣት ቤተሰብ ፎቅ ላይ ካሉ አዛውንት ጋር በኪራይም ሆነ በስምምነት ቤት ቢለዋወጥ ማን ይጎዳል? ባንኩ ወረፋው ዘንድ አራት ወንበር ቢያስቀምጥ፣ አንድ መስኮት ለአረጋውያን ቢለይ፣ ሽንት ቤቱን ቢከፍት ምን ይቀርበታል? ባለታክሲው ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ለሽማግሌ ቢጠብቅ፣ ተቀምጠው እስኪደላደሉ ቢታገስ፣ የሚያጠፋው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ስለዚህ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው የብሎካችሁ ወይም የእድራችሁ ስብሰባ ላይ የደረጃውን መደገፊያና ወደ ምድር ቤት መውረድ የሚፈልጉ አዛውንቶችን ጉዳይ አጀንዳ አስይዙ። ከመበተናችሁ በፊትም ብየዳውን ማን እንደሚያሠራና እስከ መቼ እንደሚያልቅ ስም ጠርታችሁ በቃለ ጉባኤ አጽፉ።