በሁለት እጅ

ትምህርት ቤት የገባሁት በእጄ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ልጅ ስላልነበረ መዝጋቢው መምህር «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይሉ ነበር። የደረሰለት ይመዘገባል፤ ያልደረሰለት ለከርሞ። እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ ጆሮዬን ወደ እጄ አምጥቼ አለፍኩ። ያቺ ማጭበርበር ከአርባ ዓመት በኋላ ጌዶ ላይ ትጠብቀኛለች ብዬ አላሰብኩም።

ጌዶ አክስት አለችኝ። ልጇ በጨዋነቱ የታወቀ ነው። ሲኒ ሲሰጡት በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ታላቅ ሲጨብጥ ግራ እጁ ቀኝ ክርኑን ደገፍ ታደርጋለች። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን የሚገሥጹት በእሱ ነው። ባለፈው ፋሲካ ግን ከግድግዳው ሚስማር ጋቢ እንዲያወርድልኝ ብለምነው ክንዱን ወረወረው እንጂ አላነሳውም። ሁለቴ ሞክሮ ሲያቅተው ወንበር ስቦ ወጣበት። በቁመት ይበልጠኛል! ከሸሚዙ ሥር የትከሻው አጥንት እንደ ክንፍ ተነስቶ አየሁ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለሐኪም ወዳጄ ነገርኩት። ከጠረጠራቸው አንዱ የፊትን፣ የትከሻንና የላይኛውን ክንድ ጡንቻ ቀስ በቀስ የሚያመነምን፣ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው። «መጀመሪያ ቀርጸህ ላክልኝ። ወገቡን እንዳያዘነብል ተጠንቀቅ፤ ጡንቻ ሲደክም ሰውነት ያጭበረብራል» አለኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ሲጀመርልኝ አልተኛም፤ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጨዋታ ያወጣውን ኪኔክት የተባለ ካሜራ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዴቪስና በበርክሌይ ሆነው የጡንቻ ሕመምተኞች መለኪያ አድርገውታል። ሕመምተኛው ተቀምጦ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ያዞራል፤ ካሜራው የእጁን ዱካ እየተከተለ ከፊቱ ጉልላት ይሥላል። ጉልላቱ የሚሰላው በባለቤቱ ክንድ ርዝመት ስለሆነ ረጅሙም አጭሩም በእኩል ይዳኛል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 1 ነው። ይህ ፈተና ሰው ብቻ አይጥልም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሎስማፒሞድ የተባለ መድኃኒት በ260 ሕመምተኞች ተሞክሮ፣ በዚሁ ሚዛን ከማስመሰያው ክኒን ሳይሻል ቀርቷል።

ኪኔክት ባይኖረኝም ስልክ አለኝ። አምቦንና ጉደርን አልፌ ጌዶ ስደርስ ጉም ወርዷል፤ መብራት ሄዷል። በርጩማ ላይ ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ላይ ስልኬን አቆምኩ። የሰፈሩ ሕፃናት «እኛንም አንሳን» እያሉ በሩን ሞሉት። አሠራሩን ላሳየው ብዬ ስልኩን ነካሁና ራሴ ተቀምጬ ክንዶቼን አዞርኩ። ቀጥሎ ስልኩን ደግሜ ነካሁና እሱን አስቀመጥኩት።

ክንዱ ደረቱ ትክክል ደርሶ ቆመ። ከዚያ ወገቡ ሳይታወቀው ወደ ጎን ዘመመ፤ ጭንቅላቱ ወደ እጁ ወረደ። ያንን አንገት አውቀዋለሁ። «ቀጥ በል» ልለው ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ። ለካ ስንት ዓመት ጨዋነት ነው ብለን ያመሰገንነው አንደኛው ክንድ ሌላውን ሲሸከም ነው።

ቪዲዮውን ሳላየው ላክሁት። ማታ መልስ መጣ፦ «ግራው ደህና ነው። ቀኝ ትከሻው ግን ደርቋል፤ ከ90 ዲግሪ አያልፍም። ደግሞስ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው አላልከኝም? ይህ ሁሉ ሽበት ከየት መጣ?»

ለካ ሁለተኛው ንክኪ መቅረጹን አቁሞታል። የተቀረጽኩት እኔ ነኝ! ለአክስቴ ልጅ አነበብኩለት። በሳቅ እንባው መጣ፦ «ጋሼ፣ ጋቢህን ከሚስማሩ ለማውረድ ወንበር ላምጣልህ?»

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ ደጅ ላይ ደግመን ቀረጽን። አሁን እሱ መቀረጹን ሦስቴ አረጋገጥኩ። አዲስ አበባ አብረን እንድንሄድም ቀን ቆረጥን።

አክስቴ ቡናውን ቀድታ ከቆመችበት አቀበለችን። ልጇ እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔም ቀኜን ሰደድኩ፤ ትከሻዬ መሀል ላይ ያዝ ሲያደርገኝ ግራ እጄን ከክርኔ ሥር ላክሁላት።

«እሰይ!» አለች አክስቴ፤ «ከልጄ ጋር ሁለት ቀን ብትውል ጨዋ ሆንክ።»