የሸክላ ፖድካስት ያለ ሸክላ፦ አነስተኛ ጥናት

በግል ተነሳሽነት ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ቀረጻዎች ፖድካስት የሚጀምር ሰው በየአገሩ ቢኖርም ጠባዩ በቅጡ አልተጠናም። የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ማይክሮፎን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን፣ እንዲሁም የአንዱን ሲምፎኒ ሰባተኛ ሸክላ መግዛት ለምን ግድ እንደሆነ ቤተሰቡን በማስረዳት የተካነ አንደበት። ይህ ጥናት የሚሟገተው ለአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ የዚህ ፖድካስት ዋና ግብዓት ወሬ ነው፣ ሙዚቃው ቢቀር አንዳች አይጎድልበትም።

የመጀመሪያው ማስረጃ የሚገኘው ከሕግ ነው። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ነውና (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድርሰቱን ማንም ቢጫወተው ጠያቂ የለበትም፤ ቀረጻው ግን ባለቤት አለው። በአሜሪካ በ2018 የወጣው ሕግ ከ1923 በፊት የታተሙ ቀረጻዎችን ነፃ ያወጣቸው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ያለ ስጋት ሊያሰማ የሚችለው የኦርኬስትራ መሪው አርተር ኒኪሽ በ1913 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸውን አምስተኛ ሲምፎኒ የመሰለውን ነው፦ ሸክላ ገና በማይክሮፎን መቀረጽ ሳይጀምር፣ ሙዚቀኞቹ ቀንድ በመሰለ መቀበያ ፊት ተጠጋግተው የተጫወቱትን፣ ከኦርኬስትራው እኩል የመርፌው ፍቅታ የሚሰማበትን። ማውራት የሚፈልገው ግን ሌላው መሪ ካርሎስ ክላይበር ይህንኑ ሲምፎኒ በ1974 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ስለቀረጸው ቀረጻ ነው። ስለዚህም ያወራል፤ አድማጩም ሳይሰማ ያምናል። ሕጉ ለሒስ የሚሆን ቁራጭ ማሰማትን ይፈቅዳል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ይፈቅዳል፤ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ግን አይናገርም። ጠንቃቃው አዘጋጅ ስለዚህ ቁራጩን ያስጀምርና አራቱ የመክፈቻ ድምፆች ሳያልቁ በላያቸው ማውራት ይጀምራል።

ሁለተኛው ማስረጃ ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ ነው። የባኽን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ በ1955 ሲቀርጽ 38 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት፤ በ1981 ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ወደዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ ሲቀርጸው ደግሞ 51። በመካከል ያሉት 13 ደቂቃዎች ለፖድካስቱ ዓለም የማይነጥፍ ርስት ሆነዋል። አንዱ አዘጋጅ ወጣትነት ችኩል ነው ይላል፤ ሌላው ልዩነቱ በከፊል የመጣው ተደጋጋሚ ክፍሎችን ከመድገም እንደሆነ ያስታውሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጉልድ እየተጫወተ የሚያንጎራጉረውን ዜማና እግሩ ያጠረውን የወንበሩን ሲጥ ሲጥታ ይተነትናል። የባኽ ተራ ሳይደርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ አንድ ሲምፎኒ በብዙ ዓይነት ቀረጻ በሚገኝበት ዘመን፣ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ካልመራን ምርጡን በምን እንለያለን? መልሱ የተሰጠው በ2007 ነው። በእንግሊዛዊቷ ፒያኒስት በጆይስ ሃቶ ስም የወጡ ከ100 በላይ ሲዲዎች ከሃያስያን ብዙ ውዳሴ አግኝተው ነበር። አንድ አድማጭ የሊስት ኤቱዶች ያሉበትን ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲከት፣ ማሽኑ ተጫዋቹ ላስሎ ሲሞን የሚባል ሌላ ፒያኒስት እንደሆነ ነገረው። ሲዲዎቹን ያሳትም የነበረው የሃቶ ባለቤትም የሌሎችን ቀረጻ መውሰዱን ኋላ ላይ አመነ። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ሙዚቃውን አልሰማም፣ የየክፍሉን ርዝመት አመሳከረ እንጂ። ከሰሙት ይልቅ ያልሰማው ልክ ሆነ። የሃያስያኑ ጆሮ ግን አልዋሸም፣ አጨዋወቱ በእርግጥ ጥሩ ነበር ለሚል ተከራካሪ፣ እንስማማለን፦ ሙዚቃው እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው ስለ ሙዚቃው የተወራው ነው።

ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ይባላል፤ ይህ ዘርፍ ደግሞ የቆመው በጭማሪው ነው። ቢቢሲ በ1957 በጀመረው የሸክላ ግምገማ ፕሮግራም የትኛው ቀረጻ እንደሚሻል ሲያማርጥ ኖሮ እስከ ዛሬ አልጨረሰም፤ ስለዚህ ጀማሪ አዘጋጅ የርዕስ እጥረት አያስጋው፣ ገንዘቡንም ማይክሮፎን ላይ ያውለው። አንባቢ ግን ክላይበርን ራሱን መስማት ካማረው፣ ሲምፎኒው ከጫፍ እስከ ጫፍ 33 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለ እሱ ከሚወራው ያጥራል።