ባንዲራው የአሜሪካ፣ ምሰሶው የእኔ

እኛ በምንኖርበት የቨርጂኒያ ሰፈር ከእኔ የበለጠ አገሩን የሚወድ አሜሪካዊ የለም ተብሎ ይታመናል። ጠዋት ባንዲራ እሰቅላለሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አወርዳለሁ። ጎረቤታችን የሆኑት ጡረተኛ ወታደር ባዩኝ ቁጥር ሰላምታቸውን በወታደር ደንብ ይሰጡኛል። ምሰሶው ውስጡ ክፍት የፋይበርግላስ ቱቦ መሆኑን፣ በሆዱም ሽቦ መደበቁን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ነገሩን ያመጣው የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ነው። የበር ቀለም እሱ ይመርጣል፤ የሣር ቁመት እሱ ይለካል። አንቴና የሚለውን ቃል መስማት አይፈልግም። የፌዴራሉ ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ደንብ የሳተላይት ዲሽን ከእንዲህ ያሉ ማኅበራት እጅ አስጥሏል፤ የእኛን፣ በትርፍ ጊዜያችን በራዲዮ የምንነጋገረውን የአማተሮችን አንቴና ግን አላካተተም። በ2006 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፦ ማንም ማኅበር አባሉን በገዛ ግቢው የአሜሪካን ባንዲራ እንዳይሰቅል መከልከል አይችልም። ቦታውንና ሁኔታውን በአግባቡ ሊወስን ይችል ይሆናል፤ ባንዲራውን ግን አይነካም። እኛ አማተሮች ይህን ስንሰማ የአገር ፍቅራችን በአንድ ሌሊት ጨመረ።

አንድ የአገሬ ልጅ “ለምን የኛን አትሰቅልም?” አለኝ። ሕጉ የሚጠብቀው የነሱን ብቻ ነው አልኩት። ዋናውን ምክንያት ዋጥኩት። የኛን ብሰቅል ባለኮከቡ ነው፣ ባለአንበሳው ነው፣ ልሙጡ ነው በሚል ጭቅጭቅ ሣሬ ይረጋገጣል፤ ከሣሬ ሥር ደግሞ ሌላ ሽቦ አለ።

በምሰሶዬ ሆድ ያለው ቨርቲካል፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና ነው፤ ምስጢሩ ያለውም እዚያ ከሣሩ ሥር ነው። ሽቅብ ቆሞ የሚታየው የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው፤ በ14 ሜጋኸርዝ 5 ሜትር ያህል፣ በ7 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ገደማ። የቀረውን ግማሽ ሥራ መሬት እንድትሠራለት ይጠበቃል። አፈር ግን ለኤሌክትሪክ የማይታመን ባለአደራ ነው፤ ከሰጡት ኃይል ብዙውን ሙቀት አድርጎ ያስቀራል። ስለዚህ ከምሰሶው እግር ተነስቶ በየአቅጣጫው ራዲያል የሚባል ሽቦ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የአርሲኤ መሐንዲስ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ይህን ለክተው ጥናታቸውን አሳተሙ፤ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችም በማማቸው ሥር 120 ሽቦ መቅበርን ደንብ አደረጉት።

ባለቤቴ 120 የሚለውን ስትሰማ፣ “ግቢያችን እኮ 120 እርምጃ የለውም!” አለች። ብዙ ከተከራከርን በኋላ 16 ላይ ተስማማን። ደግነቱ ለአጫጭር ሽቦ ከዚያ በላይ መጨመር የሚያስገኘው እያነሰ ነው የሚሄደው፤ ይህን ግን ድርድሩ ሳያልቅ አልነገርኳትም።

ለምን ዳይፖል አልሰቀልክም የሚለኝ አይጠፋም። ዳይፖል በአግድም የሚወጠር የሽቦ አንቴና ስለሆነ ሁለት ረጃጅም ዛፎች ይፈልጋል። ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ጉልበቱን ሽቅብ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። ቨርቲካል ግን ሞገዱን ወደ አድማስ ዝቅ አድርጎ ይልካል፤ እሱም ከላይኛው አየር እየነጠረ ውቅያኖስ ይሻገራል። ነባር አማተሮች “ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ደካማ” እያሉ ያሾፉበታል። የሰፈሩን የስልክ ቻርጀርና የአምፖል ጫጫታ ሁሉ እየለቀመ ማምጣቱም እውነት ነው። ከጨው ውሃ ዳር ሲተከል ግን ተአምር ይሠራል። የባሕር በር ጥያቄያችንን የሚያነሱ ሰዎች ይህንንም ምክንያት ቢጨምሩበት አልጠላም።

የራዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 በኒውፋውንድላንድ ኮረብታ ላይ በካይት ሽቅብ ባንጠለጠለው ሽቦ ከእንግሊዝ የተላከ ምልክት ሰማሁ ብሏል። ይኸው ሰው በ1935 የሙሶሊኒን ወረራ መደገፉን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ብትሰማ ምሰሶውን በእጇ ትነቅለዋለች።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። አንድ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ከአንድ ስፔናዊ ጋር ስነጋገር ሰማች። ጥሪ ምልክቱን ነገረኝ፣ ነገርኩት፤ “አምስት ዘጠኝ”፣ ማለትም ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ተባባልን፤ “ሰባ ሦስት” ብሎ ጠፋ።

“አለቀ?” አለች።

“አለቀ፣ እማዬ።”

“ሰባ ሦስት ምንድን ነው?”

“መልካም ምኞት ነው።”

“ሰላምታ በቁጥር? እንዴት ነህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው አይባልም?”

“እማዬ፣ አላውቀውም እኮ።”

“የማታውቀውን ሰው ፍለጋ ነው ይህን ሁሉ ሽቦ የቀበርከው? በቫይበር ለምታውቀው አትደውልም?”

መልስ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ የሚሰማ ድምፅ ካለ ግን ጥራኝ ብላ ሄዳ ተኛች።

አለ። 5 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባል የአማተሮች ክለብ ጣቢያ አለ። በኢ ቲ የሚጀምር ጥሪ በአየር ላይ ብርቅ ስለሆነ ብቅ ሲል ግማሽ ዓለም ይረባረብበታል፤ የእኔ ምሰሶ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በዚያ ግርግር መሐል ተራ ይጠብቃል። እናንተ የ5 ኪሎ ልጆች፣ ከጫጫታው ሥር አንድ ደካማ ድምፅ በአማርኛ ሲጠራችሁ ከሰማችሁ እባካችሁ በአምስት ዘጠኝ ብቻ አትሸኙኝ። እናቴ አጠገቤ ናት፤ ሰላምታውን ረዘም አድርጉት።