«ቀለደብኝ» እና «ተቀላለድን»፦ ሰዋስዋዊ ምርመራ

አማርኛ በሰው ላይ የሚያስቁ ግሦች አያንሱትም። ቀለደ፣ አሾፈ፣ አፌዘ፣ አላገጠ፣ ተሳለቀ፣ ነቆረ፣ ተረበ፣ አበሸቀ፣ ፎገረ፣ ዘግይቶ የደረሰው «ሙድ ያዘ» ሳይቀር አሉት። የትኛው የወዳጅ፣ የትኛው የጠላት እንደሆነ ግን ትርጉማቸውን ብቻ እያየን አንለይም፤ አፌዘን ሊፈታ የተነሣ አላገጠን ይዞ ይመለሳልና። የዚህ ጥናት አቋም ልዩነቱ ያለው በእርባታቸው ነው የሚል ነው። የቆዩት መምህራን ግሥን በአምስት አዕማድ ያቆማሉ፤ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ። ተደራራጊውን ያለ ምጥ የሚወልድ የቀልድ ግሥ የወዳጅ ነው፤ የሚመክነው ይጠርጠር።

ማስረጃው ብዙ ነው። መበሻሸቅ፣ መፎጋገር፣ መተራረብ፣ መነቋቆር፣ መቀላለድ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው፤ ትናንት የመጣው ሙድ እንኳ መያያዝን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። ከአፌዘ ግን ተደራራጊ ላውጣ ያለ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል። ተሳለቀም «እርስ በርስ» የሚል ምርኩዝ ካልያዘ አይቆምም። ፌዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ስለሆነ የመመለሻ መንገድ አልተሠራለትም። መበሻሸቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ቡድኑ እሑድ የተሸነፈበትን የአርሰናል ደጋፊ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ መመልከት ይበቃል። ባልደረቦቹ ፊታቸውን አጨፍግገው ይነሣሉ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል፤ አንዷም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትቀርባለች። ሰውየው አይቆጣም፤ ማን ማን እንደመጣ ይቆጥራል። ለቅሶ ብድር መሆኑን ያውቃል፤ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችም ሐዘን የሚቀመጡበት ሰኞ ሩቅ አይደለም።

(የቃል ምንጭ መቆፈር የሚወዱ ሰዎች ፉገራን ከጣና ዳር ከሚገኘው ፎገራ ጋር ለማዛመድ ይፈተኑ ይሆናል፤ በቀልዳቸው ስመ ጥር የሆኑት አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት እዚያው ነውና። የድምፅ መመሳሰል ግን የዘር ማስረጃ አይሆንም፤ አገሩ በከብቱና በሩዙ ቢታወቅ ይበቃዋል።)

መሰዳደብና መደባደብም ተደራራጊ ናቸውና ወዳጅነት ሊባሉ ነው? የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አይባሉም፤ መመዘኛው የወጣው ለቀልድ ግሦች ብቻ ነው፣ ዱላን ደግሞ በቀልድነት የጠረጠረው የለም። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አንዱ ድርጊት ሁለት እርባታ ይዞ ይገኛል። አለቃው በስብሰባ መሐል የበታቹን አረማመድ አስመስሎ ቤቱን በሣቅ ሞላው እንበል። ማታ አለቃው ለሚስቱ «ዛሬ ከልጆቹ ጋር ስንቀላለድ ዋልን» ይላል፤ የበታቹም ለሚስቱ «ቀለደብኝ» ይላል። ይህ «ብኝ» ቀላል ቅጥያ አይደለም፤ ብርጭቆው ተሰበረብኝ፣ ዝናብ ዘነበብኝ፣ ላሜ ሞተችብኝ የምንልበት፣ ጉዳት የሚመዘገብበት ነው። ሁለቱ ሚስቶች የሰሙት የአንድ ስብሰባ ወሬ መሆኑን ፈጽሞ አይጠረጥሩም።

ተቃውሞው መመዘኛውን አያፈርሰውም፤ ምስክሩ ማን እንደሆነ ብቻ ያስለየናል። የበታቹ በማግስቱ የአለቃውን አረማመድ አስመስሎ ቤቱን ቢያስቅና ወሩን ጠብቆ ደመወዙን ቢቀበል፣ ያኔ ግሡ ተደራራጊ ሆኗል። እስከዚያው ድረስ «ተቀላለድን» የሚለው ቃል የሚመዘገበው ከተቀለደበት ሰው አፍ ሲወጣ ብቻ ነው። «ስንቀላለድ እኮ ነው» የሚለው የቀላጁ ምስክርነት በዚህ ጥናት ተቀባይነት አላገኘም።