ተራራው ይጫወትልናል

የጎረቤት አገር ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ሊገባ ነው በተባለ ቁጥር የየካ ሰው ከአሠልጣኙ ቀድሞ አንድ ተጫዋች ይመርጣል። ይህ ተጫዋች ማሊያ የለውም፤ ልምምድ አይወጣም፤ የፊርማ ክፍያ አይጠይቅም፤ ጅማቱን አያመውም። እንጦጦ ይባላል። ሾላ ገበያ አጠገብ ማኪያቶ አዝዛችሁ ተቀመጡ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዲኤስቲቪ ቤት ብቅ በሉ፣ ወይም ኮተቤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ ትንተናው አንድ ነው። «እስከ ስልሳኛው ደቂቃ ይሩጡ፣ ምን ቸገረን! ከዚያ በኋላ አየሩ ይጨርሳቸዋል።»

«አጥቂያችን ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ በባንዳ ዓይን ይታያል። ተራራ እያለ ስለ አጥቂ መጠየቅ ምን የሚሉት ጥርጣሬ ነው?

ነገሩ ከባዶ አልተነሳም። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ትናንት ማታ ከዳሬ ሰላም ወይም ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የመጣ ልጅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሲሮጥ ትንፋሽ ቢያጥረው አይፈረድበትም። ደሙ ከስሱ አየር ጋር እስኪላመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ኳሷም በስስ አየር ውስጥ ትፈጥናለች፤ ግብ ጠባቂው «መጣች» ሲል አልፋው ሄዳለች።

ስለዚህ የቡና ቤት ተንታኞቻችን ላፓዝን እንደ ሁለተኛ አገራቸው ይወዷታል። በ2001 ዓ.ም. ቦሊቪያ 3,600 ሜትር ላይ አርጀንቲናን 6 ለ 1 የሸኘችበትን ቀን ከራሳቸው የሠርግ ቀን ይልቅ ያስታውሳሉ። «ሜሲ እያለ! ማራዶና እያሠለጠነ!» ይላሉ። በዚያው ማጣሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ያለፈችው አርጀንቲና መሆኗንና ቦሊቪያ ከነተራራዋ ቤቷ መቅረቷን ግን የሚያነሣ የለም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ማኪያቶ ያቀዘቅዛል።

ከዚያም የቁጭት ተራ ይመጣል። ፊፋ በ1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ አግዶ ነበር፤ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ አገሮች ጮኸው በዓመቱ ገደማ አስነሡት። የእኛ ሰው ጭንቅላቱን የሚነቀንቀው እዚህ ላይ ነው። ከእገዳው ያመለጥነው በ150 ሜትር አካባቢ ብቻ ነዋ!

አንድ ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ጥፋቱ ስታዲየሙን ቆላ የሠሩት ሰዎች ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ መሠራት ነበረበት» አሉ።

«ያኔማ ፊፋ ይከለክለን ነበር፣ ጋሼ።»

«ይከልክለና! ተፈርተን ተከለከልን ማለት ነው።»

አሁን መዝገቡን እንክፈት። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ጎረቤታሞች የሚገናኙበት ዋንጫ ሴካፋ ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1926 ኬንያና ዩጋንዳ በጀመሩት የጎሴጅ ዋንጫ ላይ ይደርሳል። ጎሴጅ የሳሙና አምራች ስም ነበር፤ «አጥበን ላክናቸው» የሚለው ፉከራ ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ አራት ጊዜ ወስዳለች፤ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም.። የ1980ውን ዚምባብዌን በመለያ ምት፣ የ1997ቱን ብሩንዲን 3 ለ 0 አሸንፈን አዲስ አበባ ላይ አነሣን። እሰይ፣ ተራራው ሠርቷል እንበል። የ1994ቱና የ1998ቱ ግን የተገኙት ኪጋሊ ላይ ነው፤ አንዴ ኬንያን፣ አንዴ ራሷን አስተናጋጇን ሩዋንዳን ረትተን። ኪጋሊ ከእኛ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። እንጦጦ ለሁለቱም ጉዞ አልተመረጠም፤ ፓስፖርትም የለው።

ይባስ ብሎ በ1999 ዓ.ም. ዋንጫው እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ ለፍጻሜ የደረሱት ዛምቢያና ሱዳን ነበሩ። ካርቱም 400 ሜትር እንኳ አትሞላም። ከዓባይ ወንዝ ዳር የመጡት ልጆች በስሱ አየራችን እስከ ፍጻሜው ሲተነፍሱ እኛ ከመቀመጫችን ሆነን እንተነፍስ ነበር።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ አዘጋጅ ሆንን። የሾላ ቡና ቤቶች ተራራቸውን አዘጋጁ። በግማሽ ፍጻሜው ከዩጋንዳ ጋር ተገናኘን፤ ስልሳኛው ደቂቃ ደረሰ፣ ሰባኛው አለፈ፣ ዘጠናኛው አለቀ፤ ዩጋንዳውያኑ በእግራቸው ቆመዋል። ግብ ሳይቆጠር ወደ መለያ ምት ተሄደ። መለያ ምት ላይ ሩጫው አሥር እርምጃ ነው፤ ለአሥር እርምጃ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ደግሞ አይሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ያስቀረዋል። ዩጋንዳ አለፈች። በፍጻሜውም ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ወረደች። እኛ ሦስተኛ ሆንን። በማግሥቱ አንድ ሰው «ከፍታው ለእኛም ከብዶን ነበር» ሲል ሰማሁት። መገናኛ ተወልዶ መገናኛ ያደገ ሰው ነው።

ይህን ሰበብ የተማርነው እሑድ እሑድ ይመስለኛል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለየካና ለጉለሌ ሰው የስፖርት ወኔ ሰጥቶታል። ወኔው የሚጀምረው ከልብሱ ነው። ቱታው አዲስ፣ ጫማው አዲስ፣ በክንድ ላይ የሚታሰረው የስልክ ማቀፊያ አዲስ። መኪናው እስከሚችለው ድረስ ሽቅብ ይነዳል፤ ምክንያቱም ስፖርት የሚሠራው ሰው እንጂ መኪናው አይደለም፤ አይ፣ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ከማቆሚያው ወርዶ ጥቂት ይራመዳል፤ ወገቡን ይይዛል፤ ባሕር ዛፉን እያየ በረጅሙ ይተነፍስና «ኦክስጅኑ እኮ ልዩ ነው!» ይላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቡና ተቀምጦ «ኦክስጅኑ እኮ አነስተኛ ነው፣ ለዚህ ነው የደከመኝ» ይላል። አንዱ ተራራ ለአንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ያደርግለታል።

በዚያው ሰዓት እውነተኞቹ ሯጮች በዛፎቹ መካከል ሽው ብለው ያልፋሉ። ጫማቸው አርጅቷል፤ አንዳቸውም ፎቶ አይነሡም። ከእነርሱ ኋላ ደግሞ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ ወገባቸው ከሸክሙ በታች ጎብጦ፣ እግራቸው ግን ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወቀው። ከፍታውን በየቀኑ የሚጫወቱት እነርሱ ናቸው፤ ያውም ያለ ተቀያሪ። አንድ ቱታ ለባሽ ጓደኛውን ፎቶ ሊያነሣ መንገዱን ዘግቶ ቆመና «እናቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» ሲላቸው አንዷ ቀና ሳይሉ መለሱለት፤ «አንተ ዞር በል ልጄ፤ እኔ የያዝኩት ይበልጣል።» ዞር አለ። ሲቀመጥም ከፍታው እንዳደከመው ለጓደኛው ነገረው።

ቆይቶ ደግሞ ተራራው ራሱ ከቡድኑ ተቀነሰ። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መለኪያ ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳችን» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ጀመረ። ከመገናኛ ወደ ኢምፔሪያል የሚወርድ ሰው ለዓመታት ግንባታ ላይ የቆየውን አደይ አበባ ስታዲየም እያሰበ ሊተክዝ ይችላል። ቡና ቤቱስ እንዴት አይተክዝ! ተራራ በሻንጣ አይሄድ። እናም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን ያስተናገደችው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ሆነ፤ ከእኛ በሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ከተማ። ውጤቱ 2 ለ 0። ያሸነፍነው እኛ ነን! የአፍሪካን ዋንጫ ከማንም አብልጣ የወሰደችውን ግብጽን፣ ያለ እንጦጦ፣ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ እግር። በዚያ ምሽት ሾላ ላይ ደስታው እንዳለ ሆኖ አንድ ትንሽ ቅሬታ ነበረች። «እዚህ ቢሆን ስድስት ነበር» አሉ።

ጎረቤቶቻችን ግን ተራራ የማይገባበት ጨዋታ አላቸው፤ ኔትቦል። ከእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የወጣ፣ ሴቶች የሚበዙበት ጨዋታ ነው። በየቡድኑ ሰባት ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ በተሰቀለ ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ቀለበቱ እንደ ቅርጫት ኳሱ ከኋላ ሰሌዳ የለውም። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ዛምቢያ፣ እንግሊዝ በገዛበት ሁሉ ይጫወቱታል። የካ ውስጥ እንግሊዞች ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሰፊ ግቢ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጨዋታቸው ግን አጥሩን ዘልሎ ወደ ቀበና አልወረደም። ያልተገዛ ሕዝብ ብዙ ነገር ይቀርበታል፤ እኛ ኔትቦል ቀረብን። ዩጋንዳውያን ሴቶች ግን በ2015 ዓ.ም. ኬፕ ታውን ላይ በተካሄደው፣ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የኔትቦል ዓለም ዋንጫ አምስተኛ ወጥተዋል። ከዓለም!

ይህን ወሬ ለእነዚያው ጋሼ ይዤላቸው ሄድኩ።

«እኛም ቡድን እናቋቁም» አሉ ወዲያው። «ጎረቤቶቹን እዚህ መጥራት ነው። እስከ ስልሳኛው ደቂቃ ይሩጡ፣ ከዚያ በኋላ አየሩ ይጨርሳቸዋል።»

«ጋሼ፣ ጨዋታው በጠቅላላው ስልሳ ደቂቃ ነው።»

«እሺ፣ በሠላሳኛው ይጨርሳቸዋል።»

«ደግሞ ኳስ የያዘች ልጅ መሮጥ አይፈቀድላትም። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማቀበል አለባት።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሳይሮጥ የሚደረግ ጨዋታ ላይ ተራራ ምን ይሠራል? ወደ እንጦጦ አቅጣጫ አየት አደረጉ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ።

«ቀለበቱን ከፍ አድርጎ መስቀል ነዋ!»