የአበባ ጎዳና

ዘ ሲምስ የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ሲም የሚባል ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ ታበላዋለህ፣ ታስተኛዋለህ፣ ሥራ ታስገባዋለህ። አሸናፊም ተሸናፊም የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እየዋለ እያደረ መሰልቸቱ አይቀርም። ምቾት የሰለቻቸው ተጫዋቾች ታዲያ መላ ዘየዱ፤ ጎዳና ተዳዳሪነትን ፈተና አድርገው በራሳቸው ላይ ጣሉ። ሲሟ ቤት የላትም፣ አልጋ የላትም፣ ሳንቲም የላትም። ከባዶ መሬት ተነሥታ ራሷን ትችል እንደሆነ ይታያል።

«በራሳቸው ላይ» ማለታቸው ደስ ይለኛል። ስለቱን የሚሳለው ተጫዋቹ ነው፤ ጾሙን የምትጾመው ሲሟ ናት። ተጫዋቹ ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «ዘንድሮ ከባድ ጊዜ ላይ ነን፤ ግን እንወጣዋለን» ይላል። ቁርጠኝነቱን አለማድነቅ አይቻልም።

ድህነቱን ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዘ ሲምስ 4 አንዲት ብቸኛ ሲም ወደ ሰፈር ስትገባ 20,000 ሲሞሊዮን በእጇ ያስይዛታል፤ ሲሞሊዮን የዚያ ዓለም ብር ነው። ይህን ያህል ይዞ ጎዳና መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ተጫዋቹ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ የትእዛዝ መጻፊያዋን ይከፍትና «መኒ ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። በቃ። ዝናብ ቀረ፣ ጦርነት መጣ፣ የዓለም ገበያ ተናወጠ እያሉ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል፤ ያደረችበት ገንዘብ ጠዋት የለም።

በዚያችው መጻፊያ «ማዘርሎድ» ብሎ ለጻፈ ደግሞ 50,000 ሲሞሊዮን ከሰማይ ይወርድለታል። ደጋግሞ ለጻፈ ደጋግሞ ይወርዳል። የፈተናው ደንብ ይህን አጥብቆ ይከለክላል፤ የሚከለክለው ግን ጎዳና ለወጣችው ነው። በዚያው ሰፈር ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ያሉትን ቤተሰቦች አይመለከትም። እነሱ ፈተና ላይ አይደሉማ።

ቤት ያላትን ሲም ጎዳና ማውጣት ለፈለገ፣ የግንባታው ክፍል ውስጥ ቡልዶዘር የተሳለባት ትንሽ ምልክት አለች። ስትጫናት ጨዋታው እርግጠኛ መሆንህን ይጠይቅሃል። የጨዋታው ሠሪዎች ስለ ኑሮ ብዙም እንዳልገባቸው የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በፈረሰ በዚያው ቅጽበት የበሩ፣ የመስኮቱ፣ የጣሪያው፣ የአልጋው ዋጋ ተሰልቶ ባለቤቷ ኪስ ይገባል! ኮሚቴ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ የይዞታ ማረጋገጫ አምጪ የለ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የለ። አቧራው ሳይወርድ ገንዘቡ ተከፍሏል። እንዲህ ዓይነት ቅዠት የፈተናን ትርጉም ከሥሩ ያበላሻል። እኛ ተጫዋቾች ግን መላ አላጣንም፤ ገንዘቡ ገባ ሲባል፣ «መኒ ዜሮ»።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው ከጠፋ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ የኦክላንድን ኮረብታዎች ያነደደው እሳት 25 ሰዎች ገድሎ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ አደረገ። ከተቃጠሉት ቤቶች አንዱ የዊል ራይት ነበር። ራይት ቀደም ብሎ፣ በ1989፣ ተጫዋቹ ከንቲባ ሆኖ ከተማ የሚገነባበትን ሲምሲቲን ያወጣ ሰው ነው። ከእሳቱ በኋላ ዕቃውን ሁሉ እንደ አዲስ ሲያሟላ፣ ሰው በእርግጥ የሚያስፈልገው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ውስጡ ቀረ፤ በ2000 የወጣው ዘ ሲምስም ከዚያ ተጸነሰ። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የታሰበው ስለ ሰው አልነበረም። የቤት ንድፍ ጨዋታ ነበር፤ ሰዎቹ የተጨመሩት ቤቱ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ እየኖሩበት እንዲመዝኑ ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን ከቤቱ ይልቅ ሰዎቹ አጓጊ ሆነው ተገኙ። ከንቲባነቱን የቀመሰ ሰው በዚህ መሸነፉ ያሳዝነኛል። ትንሽ ቢጨክን ኖሮ ሰዎቹን ትቶ ሕንፃውን ብቻ ባስመረቀ ነበር፤ ንጹሕና ጸጥ ያለ ጨዋታ በወጣው።

የእኔዋን ሲም አበባ አልኳት። የመጀመሪያዋ አበባ ረሃቡን አልቻለችውም፤ ጥቁር ካባ የለበሰው ሞት ማጭዱን ይዞ መጥቶ ወሰዳት። አላዘንኩም፤ ወዲያው አዲስ አበባ ሠራሁ። ዊሎው ክሪክ በሚባለው ሰፈር፣ ውሃው አጠገብ፣ ቤቷን አፍርሼ ባዶ መሬት ላይ አቆምኳት።

የአበባ ቀን በእኛ ሰዓት 24 ደቂቃ ነው፤ የእኛ አንድ ሴኮንድ የእሷ አንድ ደቂቃ ነውና። መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ትነቃለች። ረሃቧ፣ ሽንቷ፣ እንቅልፏ፣ ንጽሕናዋ፣ መዝናናቷ፣ ከሰው መገናኘቷ በስድስት መስመር ይታያሉ፤ ሲሞላ አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ። ለመታጠብ የሕዝብ ጂም ትሄዳለች፤ በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ሽንት ቤቱም እዚያው ነው፤ ክፍት ነው፣ ውሃም አለው። ከዚያ ግንድ ስትፈትሽ እንቁራሪት ታገኛለች፣ አለት ስትቆፍር ድንጋይ ታገኛለች፣ ዓሣም ታጠምዳለች። ሁለት እንቁራሪት ስታዳቅል ሦስተኛ ይወጣል። ያገኘችውን ቆማ ባለችበት ትሸጠዋለች፤ ገዢው አይታይም፣ ንግድ ፈቃድ የት አለ የሚላት የለም፣ ዕቃዋን ሰብስቦ ፒካፕ ላይ የሚጭን የለም፣ ስለዚህም አትሮጥም። ይኸውላችሁ ሌላ ጉድለት! እንዲህ ልቅ በሆነ ገበያ ማን ይቸገራል? አበባ አንድም የፖሊሲ ሰነድ ሳታነብ በእንቁራሪት ብቻ ወደ ብልጽግና መንደርደር ጀመረች። ሐቀኛ ለመሆን ያህል፣ ብልጽግናው ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

(መሠረታዊው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በነጻ ነው። ዝናብና ብርድ የፈለገ ግን ወቅቶችን የሚጨምረውን ማስፋፊያ ለብቻው ይገዛል። ድህነቱ በነጻ፣ ክረምቱ በክፍያ።)

ባለ ፎቁ ቤት ውስጥ የሚኖረውን ጎረቤት ካሳ አልኩት። ስሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አበባ ስትደውልለት አንዳንዴ ሥራ ላይ ነኝ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ መሽቷል ይላል። ለትልልቆቹ ቤቶች ግን ሳይጠሩት ሲደርስ አይቻለሁ። ቅኔ የሚሞካክር ወዳጄ አበባ ደጅ ደጁን ስታይ ተመልክቶ እንዲህ አለ፦

ቤቷ ቢፈርስባት አድራለች በሜዳ፣
ካሳ ይመጣል አሉ፣ እሷ ምን ተጎዳ።

ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን ደግሞ ቅኔም ጨዋታም አይገባቸውም። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው እስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና፣

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ሜዳ ላይ የተኛችው?» አሉኝ።

«ቤቷ ፈርሶ ነው፣ እትዬ።»

«በሞትኩት! ማን አፈረሰባት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብታደርግህ?»

«ምንም። ለራሷ ነው፤ ስትቸገር ጥንካሬዋ ይወጣል።»

«ነግረሃታል?»

«ለማን?»

«ለሷ ነዋ! የምትቸገረው ለራሷ መሆኑን።»

አበባ በዚህ ጊዜ ከአግዳሚው ተነሥታ ሆዷን ይዛ ትነጫነጭ ነበር። እትዬ ወደ እስክሪኑ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። «ምን ትላለች?»

እንዴት ልመልስ? ሲሞች የሚናገሩት ሲምሊሽ ነው፤ ሆን ተብሎ ትርጉም አልባ እንዲሆን ተዋንያን በድምፃቸው የፈጠሩት። ምክንያቱ ብልህነት ነው። ትርጉም ያለው ቃል ሲደጋገም ሰሚውን ያሰለቻል፤ «ራበኝ» የሚለው አቤቱታ ለመቶኛ ጊዜ ሲመጣ ማን ይታገሠዋል? ትርጉም የሌለው ጩኸት ግን ዕድሜ ልክ ቢሰማ ከጀርባ እንደሚያንጎራጉር ሙዚቃ ነው። እኔ ምስክር ነኝ፤ አበባ ስታማርር አንድም ቀን አልሰለቸኝም። አንዳንዴ እንዲያውም ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። እትዬን «ሰላምታ ነው» አልኳቸው። ስኒያቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሄዱ።

ምግብ ልስጣት ብል ፈተናው ይፈርሳል። ጌጥ ግን በደንቡ አልተከለከለም። በዘ ሲምስ 4 ሲም ባማረ ነገር አጠገብ ስትሆን የደስታ ስሜት ታገኛለች፤ ስሜቱ ነጥብ አለው፣ የረሃቡም ነጥብ አለው፣ ሁለቱ ይወዳደራሉ። ይህን ሳውቅ ሌሊቱን አልተኛሁም። የሕዝብ ቦታ ስትሠራ ደግሞ ሌላ ጸጋ አለ፤ ጨዋታው ከማንም ኪስ አይቆርጥም፣ ወጪው ከየት እንደመጣም አይጠየቅም። መናፈሻው ውስጥ ፏፏቴ አቆምኩ፣ መንገዱን አነጠፍኩ፣ የመብራት ምሰሶ ደረደርኩ፣ ዛፍ ተከልኩ። አበባ በባዶ ሆዷ ፏፏቴው አጠገብ መጥታ ቆመች። ደስታው በነጥብ በለጠ። ፊቷ ፈካ። የረሃቧ መስመር ቀይ እንደሆነ ነው፤ እሱን የሚያየው ግን መስመሩን የከፈተ ብቻ ነው። ካሜራው ደግሞ የሚያየው ከላይ ነው። እንደ ልብ ከፍ ሲደረግ አግዳሚው ላይ የተጋደመ ሰው ከአበባ መደቡ አይለይም።

የሲሞች ነጻ ፈቃድ ማስተካከያው ውስጥ ነው ያለው። ድምፅ እንደምትቀንስ ትዘጋዋለህ፣ እንደምትጨምር ትከፍተዋለህ። ሲዘጋ አበባ ምግብ ፊቷ ቢቀመጥም ትእዛዝ እስኪደርሳት ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ለሙከራ ከፈትኩት። ፏፏቴውን ጥላ ሄደች። ከሌሎች ሲሞች ጋር መናፈሻው ጥግ ላይ ቆማ ታወራ ጀመር። አንድ መጣ፣ ሌላ ተጨመረ። ምን እንደሚባባሉ አይገባኝም፣ ሲምሊሽ ነው፤ ግን ብዙ ሆኑ። ዘጋሁት።

ከጎዳናው ፈተና ታሪኮች ስመ ጥሩ የአሊስና የኬቭ ነው። ዘ ሲምስ 3 በወጣበት እ.ኤ.አ. በ2009፣ በእንግሊዝ አገር የጨዋታ ንድፍ ተማሪ የሆነ ሰው ቤት የሌላቸው አባትና ልጅ ፈጥሮ ኑሯቸውን በምስል ተረከ። ኬቭ ግልፍተኛ፣ ልጅ የሚጠላ አባት ነው። አሊስ ደግ ናት፣ በራሷ የማትተማመን፣ አግዳሚ ላይ እያደረች ትምህርት ቤት የምትሄድ። ሥራ አግኝታ ደሞዟን ስትቀበል ያላትን በፖስታ አድርጋ ለበጎ አድራጎት ሰጠች። ምኞቱን ያመጣችው ራሷ ናት፤ ጨዋታው ሲሞቹ የሚመኙትን ከጠባያቸው ያወጣልና። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ አለቀሰ ይባላል። እኔን ግን የገረመኝ አሠራሩ ነው። ደሞዙ መጀመሪያ እጇ ገባ! ከእሷ በፊት የቆረጠው የለም፣ ስብሰባ ጠርቶ «ሁላችሁም በሙሉ ድምፅ ተስማምታችኋል» ያላትም የለም። እንዲህ ባለ መዝረክረክ ፏፏቴ አይቆምም።

አበባ ግን ጠንካራ ናት፤ ያልኩት አልቀረም። ከእንቁራሪቱም ከድንጋዩም አጠራቅማ አንድ ክፍል ሠራች፤ አልጋ፣ ሽንት ቤት፣ ትንሽ ምድጃ። በደንቡ መሠረት አሸነፍን። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ጨዋታውን ይዘጋል። እኔ ለመታሰቢያ ፎቶ ላነሣ ካሜራውን ወደ ውሃው ባዞረው ክፍሏ መሀል ላይ ተደንቅራ ፏፏቴውን ጋረደችብኝ። በግራ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ፣ ከፍ አልኩ፤ ቆርቆሮው ይታያል። ቡልዶዘሯን ተጫንኩ። ጨዋታው እንደ ልማዱ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ፤ ነኝ አልኩት። ኪሷ የገባውንም እንደ ደንቡ ዜሮ አደረግሁት። ለአበባ ካርታው ጫፍ ላይ፣ ካሜራ የማይደርስበት፣ ሰፋ ያለ ባዶ መሬት አይቼላታለሁ፤ ውሃና መብራቱ ወደፊት ይታሰብበታል። ካሳም ደውሎ ነበር። መንገድ ላይ ነኝ ይላል።