ከልጆች አፍ ለተረፈው ገንዘብ የቀረበ ምስጋና

ለክብርት ኪም ሬይኖልድስ
የአዮዋ ክፍለ ግዛት አስተዳዳሪ
ዴሞይን

ጉዳዩ፦ 70 ሳንቲሜን ስላዳኑልኝ

ክብርት ሆይ፣

ምስጋናዬ መዘግየቱን አውቃለሁ። አዮዋ የፌዴራሉን የሰመር የምግብ ካርድ እንደማትቀበል ያስታወቁት ዲሴምበር 22 ቀን 2023 ነበር። ለፈረንጆች ገና ሦስት ቀን ቀርቶት ሰው ሁሉ ስጦታ ይጠቀልላልና ውለታዎን ልብ ያለው ጥቂት ነው። እኔ ታክሱን በወቅቱ የሚከፍል የዴሞይን ሐበሻ ነኝ። ገንዘቤን ሲያድኑልኝ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

ደብዳቤውን በአማርኛ ስለጻፍኩት ወገኖቼም ማንበባቸው አይቀርምና ነገሩን ላስረዳ። በትምህርት ቤት በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚበላ ልጅ፣ ሰመር ሲገባ የክፍሉ በር ሲዘጋ ምሳውም አብሮ ይዘጋበታል። ኮንግረስ በ2022 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ፣ እንዲህ ላለው ልጅ በወር 40 ዶላር፣ በሦስቱ ወር 120 ዶላር የተጫነበት ካርድ ከ2024 ሰመር ጀምሮ እንዲሰጠው ተወሰነ። የምግቡን ሒሳብ የምትችለው ዋሽንግተን ናት። ክፍለ ግዛቱ የሚያዋጣው የማስተዳደሪያውን ወጪ ግማሽ ብቻ ነው። የአዮዋ መዋጮ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል ተባለ። በዚያ ልክ ስናዋጣ 29 ሚሊዮን ዶላር ለ240 ሺህ ልጆች ይመጣ ነበር። እርስዎ ግን አልተታለሉም።

2.2 ሚሊዮኑን ከሦስት ሚሊዮን ለምንበልጠው ነዋሪዎች ሳካፍለው ለእያንዳንዳችን 70 ሳንቲም ገደማ ይደርሰናል። በዚያው ዓመት የክፍለ ግዛታችን ካዝና 1.83 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ ማሳየቱን ያበሰሩን ራስዎ ነበሩ። ካዝና ሞልቶ ሲፈስ ስለ ሰው 70 ሳንቲም የሚጨነቅ መሪ ከየት ይገኛል?

29 ሚሊዮኑን በተመለከተ ግን ትንሽ ቅር ያለኝ ነገር አለ። የፌዴራል ታክሴን እንደሆነ ከፍያለሁ፤ እርስዎ እምቢ ስላሉ የተመለሰልኝ የለም። በ2024 ሰመር የሚኒሶታና የኢሊኖይ ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ግሮሰሪ ሲገቡ ከጋባዦቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። እንግዳ መቀበል በእኛም አገር የከበረ ነገር ነው። የቤቱን ልጅ ጦሙን አሳድሮ የጎረቤቱን የሚያበላ አባወራ ግን እስካሁን አላየሁም።

ምክንያትዎን አንብቤዋለሁ። የልጆች ውፍረት ወረርሽኝ በሆነበት ዘመን ካርዱ ለጤናማ አመጋገብ የሚፈይደው የለም ብለዋል። በወር 40 ዶላር ማለት በቀን 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። በዚህ ዋጋ ልጅ ማወፈር የቻለች እናት ካለች፣ እዚሁ ከተማችን ለሚሰጠው የዓለም የምግብ ሽልማት ትታጭልኝ። ሽልማቱን የመሠረቱት የአዮዋው ተወላጅ ኖርማን ቦርሎግ ናቸው። በ2009 የእኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ማሽላን ከአቀንጭራ ለመታደግ በሠሩት ምርምር ተሸልመውበታል። እኚህ ሰው ዴሞይን ድረስ መጥተው የተከበሩት የድሃ ገበሬ ማሳ የበለጠ እንዲያበላ ስላደረጉ ነው። ከአሁን በኋላ ሸላሚዎቹ ስለ ውፍረቱም ቢያስቡበት።

ያው ልጅ ግን በሜይ ወር በትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ በታክስ ሲበላ እንደማይወፍር፣ ጁን ላይ ሲበላ እንደሚወፍር ሐኪም ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ለነገሩ አንድ እውነት አለዎት፤ በ2024 በካርዱ ቺፕስም ለስላሳም ይገዛ ነበር። በእኔ ደሞዝም ይገዛል፤ ይህን ምሥጢር ለአሠሪዬ እንዳይነግሩብኝ።

አሁን ወደሚያስደንቀኝ ነገር ልምጣ። ሰመር በገባ ቁጥር የሚቸገር ፍጡር ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። ኢ15 የሚባለውን፣ 15 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን ማለቴ ነው። በፌዴራሉ የአየር ብክለት ደንብ ምክንያት ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 እንዳይሸጥ የሚከለከል ነዳጅ ነበር። ኤታኖሉ የሚጠመቀው ከበቆሎ ነው፤ ከአዮዋ በቆሎ ከግማሽ የሚበልጠውም የሚሄደው ወደዚያው ነው። በአፕሪል 2022 እርስዎና ሰባት የአካባቢው አስተዳዳሪዎች ሆናችሁ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በር አንኳኳችሁ። መኪና በሰመርም በቆሎውን ይጠጣ ብላችሁ ሞገታችሁ፣ በ2024 ተፈቀደላችሁ። በሩን ባንኳኳችሁ በቀጣዩ ወር፣ በሜይ 2022 ደግሞ ማደያዎቻችን ኢ15 እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ፈረሙ። ዋሽንግተን ስትለመን እንደምትሰማ፣ የሰመር ችግር መላ እንዳለው፣ የመንግሥት እጅ በገበያ ውስጥ ቢገባም ሰማይ እንደማይደፋ ያረጋገጡልን እርስዎ ነዎት! ለካ ነገሩ ሆዱ የማን እንደሆነ ላይ ኖሯል። የፒክአፕ ታንከር ሲሞላ የኢኮኖሚ ዕድገት ነው፤ የልጅ ሆድ ሲሞላ ጥገኝነት። ታንከርም እንደሆነ አይወፍርም።

ልጆቹን ጨርሰው ረስተዋቸዋል ማለቴ አይደለም። በ2024 የሰመር ምሳ ጣቢያ ለሚከፍቱ 900 ሺህ ዶላር ለውድድር አቅርበዋል። ጣቢያ ማለት ቤተ መጻሕፍት ወይም መናፈሻ ውስጥ የተዘረጋ ጠረጴዛ ነው። በከተማ ባሉት ጣቢያዎች በአብዛኛው ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ መብላት አለበት። ሳንድዊቹን ገምሶ ግማሹን ለእህቱ በኪሱ ልያዝ ቢል ደንብ ይፈርሳል፤ ከተፈቀደለት ይዞ የሚወጣው አንድ ብርቱካን ነው። ያመጣችው እናት አጠገቡ ቆማ ታያለች እንጂ በታክስ አትበላም። መቆም ከቻለች ማለት ነው። ከወገኖቼ ብዙዎቹ የስጋ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ናቸው፤ ቢላዋቸውን አስቀምጠው እኩለ ቀን ላይ ልጅ ለምሳ ሊወስዱ አይወጡም። የሰመር ጾም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በጉጉት የሚጾሙት ፍልሰታም ነሐሴ ላይ ነው፤ ግን 15 ቀን ብቻ ነው፣ ማታ ማታም ይበላበታል።

በ2025 ደግሞ ሄልዚ ኪድስ አዮዋ የሚባለውን አመጡልን። በዚያ ሰመር ወላጅ በየወሩ ወደ እደላው ቦታ ሄዶ ለአንድ ልጅ 40 ዶላር የሚያወጣ ምግብ ይረከብ ነበር። ምግብ ምግብ ነው፣ አልንቀውም። ግን ክብርት ሆይ፣ እኛ በደርግ ዘመን ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ስኳርና ዘይት በኩፖን የተቀበልን ሰዎች ነን። ያኔ የምንበላውን የሚመርጥልን መንግሥት ነበር፤ ምክንያቱም ሶሻሊዝም ነው ይሉን ነበር። ወላጅ ራሱ ግሮሰሪ ገብቶ፣ ዋጋ አወዳድሮ፣ ልጁ የሚወደውን ገዝቶ ይውጣ የሚለው ካርድ የነጻ ገበያ ሰው ሐሳብ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ሪፐብሊካን ሆነው የቀበሌ ሱቁን መረጡልን። ሰልፉ ላይ ቆሜ ቢያዩኝ እንባዬ የናፍቆት ነው።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። የነብራስካው አስተዳዳሪ ጂም ፒለን እንደ እርስዎ ጠንካራ ነበሩ። አሳማ አርቢ ናቸው፣ ሒሳብ ያውቃሉ። በዌልፌር አላምንም ብለው 18 ሚሊዮኑን ዶላር ገፍተውት ነበር። ከዚያ አንድ ስሕተት ሠሩ፤ ታዳጊ ልጆችን አነጋገሩ። ልጆቹም በሰመር ስለ መራብ አጫወቷቸው። በፌብሩዋሪ 2024 ሰውየው ሐሳባቸውን ቀየሩ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ ብስሉ ደርሷቸው መሆን አለበት። ስለዚህ እባክዎን፣ ቀጠሮ የሚይዝልዎት ሰው ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን ከደጅ ይመልስልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግብር ከፋይ

ግልባጭ፦
ለነብራስካ አስተዳዳሪ (ለመረጃ ያህል)
ለኢ15 ማደያዎች በሙሉ